ለሰው አይባልም

የየኔታ ልሳነወርቅ ቤት ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃ ለማውጣት ባሕር ዳር ሄድሁ። ከሐይቁ ዳር ሰዎች ከውኃው ያጨዱትን እርጥብ ደንገል ከጥራጊ ጋር ደባልቀው ያቃጥላሉ። ጭሱ ኮምጠጥ ይላል፤ አፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የወንድሜ ልጅ በሩ ላይ ሁለት ጆንያ ዘርግቶ አንዱን የሚወሰድ፣ አንዱን የሚጣል ብሎ ሰይሞታል። እያንዳንዱን ዕቃ ከፍ አድርጎ ያሳየኛል። የተሰነጠቀ ገንቦ፣ እጀታ የሌለው ጃንጥላ፣ ያለቀ ጫማ። «ይሄስ ይጣል?» ይለኛል።

ጥያቄው ቀላል ነው። እኔ ግን ለአንዱም ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ልጁ ስስት መስሎት በልቡ ሳይስቅብኝ አልቀረም። እዚህ ቤት ምን እንደሚጣልና ምን እንደማይጣል የተማርሁት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎሪጥ በሚያይበት ዓመት። የትምህርቱን ዋጋ የከፈለልኝ ግን ሌላ ሰው ነው።

ከአንበሳሜ የመጣሁት በዚያ ዓመት መስከረም ነበር። የኔታ የአባቴ አጎት ናቸው፤ በሐይቁ ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ መሪጌታ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ። እናቴ ስትሸኘኝ ነጠላዬን እያስተካከለች፣ «ከተማ ዓይን እንጂ አፍ አይወድም። ያየሽውን እይ፤ አፍሽን ግን ሰብሰብ» አለችኝ። የምክሯን ግማሽ ያዝሁ። ዓይኔን ከፈትሁ።

ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የኔታ፣ ሚስታቸው እታለም ማንጠግቦሽ፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየው ጋሼ ኤርምያስና እኔ። የየኔታን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ሰውን በድምፁ፣ መንገዱን በበትራቸው ይለያሉ፤ ከቤት እስከ ደብሩ ያለችውን መንገድ ግን ማንም ሳይመራቸው ይሄዷታል። አንድ ነገር ብቻ ይታያቸዋል። ነጭ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ከሆነ ብልጭ ይልባቸዋል። ያን ጊዜ ወገባቸውን ይዘው ዝቅ ይላሉ፤ ያነሣሉ፤ ወረቀት ከሆነ በጋቢያቸው እጥፋት ይከቱታል።

«ፊደል ሊኖርበት ይችላል» ይላሉ። «ፊደል ደግሞ አይረገጥም። የጌታ ስም የሚጻፈው በምን መሰለሽ? በዚሁ ነው እኮ።»

ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ አቁማዳ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀድሞ እህል የሚያዝበት የቆዳ ከረጢት። የሰበሰቡት ሁሉ እዚያ ይገባል። የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የክብሪት ቀፎ ሳይቀር። ሲሞላ በታንኳ አስጭነው ወደ አንዱ ደሴት ገዳም ይወስዱትና ካረጁ የብራና ቅዳጆች ጋር በዕቃ ቤቱ ጥግ ያስቀምጡታል። መነኮሳቱ የሳሙና መጠቅለያውን ምን ብለው እንደሚቀበሏቸው እንጃ። እታለም ግን ታጉረመርማለች። «ሌላው ሰው ከደሴት በረከት ይዞ ይመጣል፤ የኛ ሰው ቆሻሻ ይዞ ይሄዳል» ትላለች፤ እሳቸው በሌሉበት።

የኔ ሥራ ጥራጊ መድፋት ነበር። ድሮ ሁሉም ሰው ከጌሾው ሥር፣ ከጓሮው ነበር የሚደፋ። በዚያ ዓመት ግን ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ብሎ ከደንገሉ ወዲህ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፈረና ሁሉም እዚያ እንዲደፋ አዘዘ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የአብዮት ጥበቃው ምንይችል ይቆማል። ቀድሞ በታንኳ እንጨት ያመላልስ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ጠመንጃ በትከሻው፣ ረጅም በትር በእጁ ይዟል። ቅርጫቴን ስደፋ በበትሩ እያገላበጠ ያያል። የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዓሣ አጥንት፣ አመድ።

ዕቃ የጠፋበት መሰለኝ። ምናልባት ቀለበት። አዝኜለት እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬው ፈለግሁ።

«ምን ጠፋብህ ጓድ?» አልሁት።

ሳቀ። «ገና አልጠፋም» አለኝ።

ጋሼ ኤርምያስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ለእታለም ይህ ብቻውን በቂ ነበር። «ያልተሳለመ ሰው ምን ሲሠራ ያረፍዳል?» ትላለች። የሚሠራውን እኔ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። የሚጽፈው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፤ ስጠይቀው «ለእማዬ» ይለኛል። ለእናቱ ይህን ያህል የሚጽፍ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አላመንሁትም። የኔ እናት ደብዳቤ ቢደርሳት የሚያነብላት ፍለጋ ደብር ድረስ ትሄዳለች፤ ሰው እንዴት በየሳምንቱ እናቱን ያንከራትታል?

እንግሊዝኛ የሚያስጠናኝ እሱ ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን በአንድ ቃል ዐሥር ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዘን። የኔ ድርሻ ራቢሽ የሚል ቃል ሆነ። ደብተሬን ይዤ ወደ ክፍሉ ሄድሁ።

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ቆሻሻ። ጥራጊ። የማይፈለግ ነገር።»

«ማን የማይፈልገው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። «አስተማሪሽን ይህን ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅሁትም። በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም።

«ተመልከቺ» አለኝ። «አመድ ለብዙ ሰው ራቢሽ ነው፤ እታለም ግን ድስት ትፈትግበታለች። እኛ ፋብሪካ ከማሽን ሥር የሚጠረገው ብናኝ ጥጥ አለ። እኛ እንጥለዋለን፤ ሌላው ፍራሽ ይሞላበታል። የኔታማ የሳሙና ወረቀት እንኳ አይጥሉም። ስለዚህ አንዱን ነገር ራቢሽ ነው ስትይ፣ እኔ አልፈልገውም ማለትሽ ነው እንጂ ስለ ዕቃው ብዙም አልተናገርሽም።»

ግማሹ አልገባኝም። ዐሥሩን ዓረፍተ ነገር ግን ሠራሁ። የሽንኩርት ልጣጭ ራቢሽ ነው፤ የተቀደደ ጫማ ራቢሽ ነው፤ እያልሁ ስምንት ሞላሁና ሐሳብ አለቀብኝ። ዘጠነኛው ላይ ከኋላዬ ተቀምጦ ሹሩባዬን የሚጎትተኝን ልጅ አስታወስሁ። ጌታቸው ራቢሽ ነው ብዬ ጻፍሁ።

ጋሼ ኤርምያስ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ከሥሩ በአማርኛ «ለሰው አይባልም» ብሎ ጻፈ።

«አስተማሪያችን ግን እሱኑ ልጅ እንዲያ ብሎ ሰድቦታል» አልሁት።

«ይባል ይሆናል። እንግሊዞቹም ይሉታል። አንቺ ግን አትበይ።»

ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ጌታቸውን በበሰበሰ ድንች ተካሁት። ቀይ የተሰመረበትን ወረቀት የት እንደጣልሁት አላስታውስም።

ከገና በኋላ ነገሩ ሁሉ ከበደ። በየቀበሌው አሰሳ አለ ይባል ጀመር። ሰው መጽሐፉን ይቀብራል፤ ሽንት ቤት ይከታል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ድምፃቸውን የሚቀንሱት ሰው ሲያልፍ ብቻ አልነበረም፤ ልጅ ሲያልፍም ነው። እኔ ይህን አይቼ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ምንይችል ቅርጫቴን አገላብጦ ሲጨርስ በትሩን ተደግፎ ቆመ።

«እናንተ ቤት ወረቀት አይጣልም እንዴ? ተማሪ አንቺ አለሽ፤ ጸሐፊ ተከራይ አለ፤ መሪጌታ አሉ። ከሁሉም ቤት ወረቀት ይወጣል፤ ከናንተ ግን አንድም አይቼ አላውቅ።»

«የኔታ ፊደል አይጥሉም።»

«እሱን አውቃለሁ። ተከራዩስ?»

ቅርጫቴን አንሥቼ ሄድሁ። እውነትም እሑድ እሑድ ያን ሁሉ ሲጽፍ የሚያበላሸው ወረቀት የት ይገባል? ጥያቄው ቤት ድረስ ተከተለኝ። ማታ ራት ስንበላ የጋሼ ኤርምያስን እጅ አያለሁ። እጁ ልክ እንደ ሌላው ሰው እጅ እንጀራ ይቆርሳል።

በሚቀጥለው እሑድ እታለምና የኔታ ቅዳሴ ሄዱ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ውሸቴን ነበር። ጓዳ ገብቼ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ሳሎኑ አየሁ። ጋሼ ኤርምያስ ግራና ቀኝ ተመልክቶ ገባ። ወደ አቁማዳው ሄደ። እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ብዙ ቆየ። ጀርባውን ስለሰጠኝ የሚያወጣ ይሁን የሚያስገባ አልለየሁም። ልቤ ግን ፈረደ። ወረቀቱን በየኔታ አቁማዳ ይደብቃል አልሁ። ምንይችል ያጣው ወረቀት እዚህ ነው ያለው። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ክዳን ሲገጥም ሰማሁ፤ ይዞት ወጣ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። አቁማዳውን አወረድሁና እጄን ሰደድሁ። ከሳሙናና ከክብሪት መሀል አንድ ስስ ወረቀት ወጣ፤ ለሁለት የታጠፈ፣ በሐምራዊ ቀለም የተባዛ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ያለው። የመጀመሪያውን መስመር አነበብሁ። ሁለተኛውን አልጨረስሁም። ደርግን የሚቃወም እንዲህ ያለ ወረቀት የተገኘበት ሰው ምን እንደሚደርስበት በሠፈራችን ያላወቀ ልጅ አልነበረም። ከኛ በላይ ካለው ቤት አባትና ልጅ በአንድ ቀን ተወስደው ቀርተዋል።

አቁማዳው ደግሞ የየኔታ ነው። አሰሳ ቢመጣ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን መልሼ ከትቼ አቁማዳውን ሰቀልሁ። እጄን በአመድ ታጠብሁ፤ ሽታው ግን አልለቅ አለኝ። ጋሼ ኤርምያስን በዚያች ቅጽበት ጠላሁት። ከኛ ጋር ጎርሶ እኛን የሚያስበላ መሰለኝ።

ለእታለም ብነግራት ኖሮ? እሱን ራሱን ብጠይቀው ኖሮ? ይህን ሁሉ ያሰብሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱ ከቤታችን ከሄደ የኔታ ይድናሉ።

ዓርብ ጥራጊ ስደፋ ምንይችል እንደልማዱ አገላበጠ። እኔ ሳልጠየቅ ጀመርሁ።

«ጋሼ ኤርምያስ ወረቀት አይጥልም» አልሁት። «በምሳ ዕቃው ይዞ ይወጣል።» ስለ አቁማዳው ትንፍሽ አላልሁም።

በትሩ አመዱ ውስጥ ቆመ።

«መቼ መቼ?»

«ሰኞ ጧት ሥራ ሲሄድ።»

«ጎበዝ» አለኝ። ራሴን ዳበሰኝ። መዳፉ ሻካራ ነበር።

ሰኞ ጧት ከበራችን ማዶ፣ ከዋርካው ሥር አስቆሙት። እኔ ደብተሬን ይዤ በር ላይ ነበርሁ። የምሳ ዕቃውን ከፈቱ። ከላይ ሽሮ ነበር፤ ከታች በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት። ምንይችል አንዱን ዘርግቶ ለሌሎቹ አሳያቸው።

«የማን ነው?» ሲሉት ሰማሁ።

ጋሼ ኤርምያስ ወደ ቤታችን ዞር አለ። የኔታ በበራችን ላይ ቆመው፣ «ምንድን ነው? ማን ነው የሚጮኸው?» እያሉ ነበር። እሱ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«የኔ ነው» አለ።

ያን ዕለት ቤታችንን አሰሱት። ክፍሉን ገለባበጡ። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ያገኙት «ውድ እማዬ» ብለው የሚጀምሩ ጅምር ደብዳቤዎችን ብቻ ነበር፤ አንዳንዱ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ የተጀመረ። የተበላሹበትን ሳይጥል አጣጥፎ ያስቀምጣቸው ነበር ለካ። ወደ ሳሎን ገቡ። ምንይችል አቁማዳውን አውርዶ መሬት ላይ ገለበጠው። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስከፍተው የሳሙና መጠቅለያና የክብሪት ቀፎ ተበትኖ ሰዎቹ ይስቃሉ። ሐምራዊ ወረቀት አንድም የለም።

የኔታ ተንበርክከው በእጃቸው እየዳሰሱ መልሰው ለቀሙት።

ይህ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። የሚደብቀው እዚያ ከሆነ ለምን ባዶ ሆነ? ብዬም ተውሁት። ተይዟል፤ የኔታ ድነዋል አልሁ። እታለም ግን በሱ ስታጉረመርም እንዳልነበረች ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። በማግሥቱ ዋርካው ሥር ተጥሎ የቀረውን የምሳ ዕቃ አምጥታ አጠበችና እንጀራና ወጥ ሞልታ ወደ እስር ቤቱ ወሰደች። በየቀኑ ትሄዳለች፤ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች።

ከዚያ ወዲህ ፈርታ የኔታን ብቻቸውን አትለቅም። «አንቺ ልጅ፣ ለነግህም ሆነ ለሠርክ ጸሎት ሲሄዱ ምሪያቸው» አለችኝ። በመጀመሪያው ጧት በትራቸውን ይዤ ከደብሩ ስንመለስ፣ ከአጥሩ ጥግ ላይ ቆም አሉ።

«ምን ወደቀ? ነጭ ነገር ታየኝ።»

ከመንገዱ ዳር፣ ከሣሩ ላይ፣ ስስ ወረቀት ወድቆ ነበር። ለሁለት የታጠፈ። ሐምራዊ ቀለሙ በጀርባው በኩል ሰርጎ ይታያል። ዘወር ብዬ ሳይ ከአጥሩ ሥር ሌላ ሁለት አለ፤ አንድ ሰው በጨለማ በትኖት ሄዷል። እኔ ደንዝዤ ቆሜ ሳለሁ የኔታ ጎንበስ ብለው አነሡት። እንደ ሳሙና መጠቅለያ፣ እንደ ክብሪት ቀፎ፣ በጋቢያቸው እጥፋት ሊከቱት ሆነ።

ሁሉም ነገር የዚያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን ወደ ቤት የሚያመጡት የኔታ ነበሩ። ጋሼ ኤርምያስ ያስገባ አልነበረም፤ ያወጣ ነበር። ለየኔታ ቢነግራቸው የኔታ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ የጠየቃቸው ሁሉ እውነቱን ይሰማ ነበር። ጓሮ ቢያቃጥለው የወረቀቱ አመድ በኔው ቅርጫት ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ እየለቀመ ወደ ፋብሪካው ይወስደዋል፤ እዚያ የሚጣል ነገር የሚያቃጥሉበት እሳት አለ።

«የኔታ፣ ስጡኝ» አልሁ። «ባዶ ወረቀት ነው። ፊደል የለበትም።»

አልሰጡኝም። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሃምሳ ዓመት ቀለም በጥብጠው የጻፉ ሰው ናቸው።

«ቀለም ይሸታል» አሉ። «ለምን ዋሸሽኝ? ምን ይላል?»

ነገርኋቸው። መስመር በመስመር ሳይሆን ምን ዓይነት እንደሆነ። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱን እንደገና አሸተቱት።

«ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ አንሥቻለሁ» አሉ። «ይኸ ሽታ አዲስ አይደለም። ኤርምያስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«የያዙት በዚሁ ነው?»

«በዚሁ ነው።»

ወረቀቱን ከእጃቸው ወስጄ ሣሩ ውስጥ ደበቅሁት። እሳቸው ግን ቀጥታ ወደ ቀበሌ እንድመራቸው አዘዙኝ። እንቢ ልል ሞከርሁ፤ በትራቸውን ነጥቀው ብቻቸውን መንገድ ጀመሩ። ተከተልሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ምንይችልም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የኔታ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ከኤርምያስ ያገኛችሁት ወረቀት የኔ ነው» አሉ። «ከመንገድ እያነሣሁ ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጁን ልቀቁት፤ እኔን ያዙኝ።»

ሊቀ መንበሩ እጁን አነሣ።

«የኔታ፣ ይኸ ስንት ጣት ነው?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

«ማየት የማይችል ሰው የምን ወረቀት አለው? እርስዎ ሩኅሩኅ ነዎት፤ እናውቃለን። ግን ከተማችንን ከቆሻሻ እያጸዳን ነው። እዚህ ውስጥ አይግቡብን።»

«ቆሻሻ ያልኸው ማንን ነው? ኤርምያስን?»

«እሱንና መሰሎቹን።»

ያን ጊዜ ጋሼ ኤርምያስ ደብተሬ ላይ ያሰመረው ቀይ መስመር ዓይኔ ላይ መጣ። እውነታቸውን ነው፣ ሲያነሡ አይቻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ለየኔታ ፈርቼ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን ለራሴ ነግሬያለሁ። ለራሴም ፈርቼ ነበር።

ስንወጣ ምንይችል በር ድረስ ሸኘን። «የኔታ፣ አይዘኑ» አለ። «ከቤትዎ ንቁ ልጅ አለችዎት። እንደሷ ዓይኑ የማይተኛ ቢበዛልን ይኸ ሁሉ ባልመጣ።»

የየኔታ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። እንዲያነሡት ጠበቅሁ። አላነሡትም።

ከጾሙ አጋማሽ በኋላ አንድ ቀን እታለም የምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። ክዳኑ አልተከፈተም። መደብ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ከእንግዲህ ምግብ አያስፈልገውም አሉኝ» አለች።

የተዛወረ መስሎኝ ወዴት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ። እታለም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች። የኔታ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩና ፍትሐት የሚባለውን ጸሎት ከመሬት ከፍ በማይል ድምፅ ጀመሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ወራት ለሞተ ሰው ጮክ ተብሎ አይለቀስም ነበር፤ እኛም ጮክ ብለን አላለቀስንም። ለእናቱ ማን ጽፎ እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የኔታ ወረቀት ማንሣታቸውን አልተዉም። ግን ልማዳቸው አንድ ነገር ተጨመረበት። ያነሡትን ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይሰጡኛል፤ «አንብቢልኝ» ይሉኛል። የሚያስፈራው ወዲያው ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ፊደሉ ሲለቅ፣ «ታጥቧል እንጂ አልተረገጠም» ይላሉ። የቀረው ወደ አቁማዳው ይገባል። የቆየውንም አንድ በአንድ አስነበቡኝ። በየማታው ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ሳትወርድ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን።

አንድ ቀን ከአቁማዳው ሥር የተጨማደደ የደብተር ቅጠል ወጣ። የራሴ ጽሕፈት ነው።

«ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛ።»

«ንገሪኛ።»

የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀደደ ጫማ እያልሁ እየተረጎምሁ ነገርኋቸው። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ቆምሁ።

«ቀጥይ።»

«ተሰርዟል የኔታ።»

«ከሥሩ የተጻፈ የለም?»

«አለ። በቀይ።»

«ምን ይላል?»

«ለሰው አይባልም ይላል።»

«ማን ጻፈው?»

«ጋሼ ኤርምያስ።»

እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ የቀዩን ፊደል ቦታ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ለማን ጻፈው?»

«ለኔ።»

«እንግዲያ ለራስሽም አይባልም» አሉ።

ስለ ትምህርቱ የሚሉ መሰለኝ።

«ሕፃን ነበርሽ። ተጠየቅሽ፤ ተናገርሽ። ደጅ ላይ ያ ሰው ሲያመሰግንሽ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደኅና ነው። እኔም ሳላይ አነሣሁ፤ አንቺም አይተሽ አልለየሽም። ኀጢአቱን ሁለታችንም ይዘን እንኖራለን። ግን ራስሽን በዚያ ቃል እንዳትጠሪ። እሱ ከልክሎሻል።»

በወራት ውስጥ ያልወጣኝ ልቅሶ ያን ዕለት ወጣኝ። የኔታ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የዳዊታቸውን ማኅደር፣ ያን የቆዳ ማቀፊያ፣ አስመጡና ወረቀቱን አጥፈው ከመጽሐፉ ጎን ከተቱት። ወደ ገዳሙ ከሚሄደው ጋር አልቀላቀሉትም።

ዳዊቱን ሊያርፉ ሲሉ ለደብሩ ሰጥተውታል። ማኅደሩ ግን ቤት ቀርቶ ኖሯል። የወንድሜ ልጅ ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣውና አራገፈው። አንድ የታጠፈ ቅጠል ወደቀ። አንሥቶ ዘረጋው፤ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«የልጅ ጽሕፈት ነው» አለ። «ቀለሙም ለቋል። ይሄስ ይጣል? ማን ይፈልገዋል?»

ጭሱ በበሩ ገብቶ መሀላችን ቆሞ ነበር። እጄን ዘረጋሁለት።

«እኔ» አልሁት።